ፈተና አልቆ ካርድ እስኪሰጥ፦ ስድሳ ተማሪ ላለበት ክፍል የሚሆኑ ጨዋታዎች

የሰኔ ፈተና ካለቀ በኋላ ካርድ እስኪሰጥ ያሉት አራት አምስት ቀናት በብዙ ትምህርት ቤት ባክነው ይቀራሉ። መምህሩ እርማት ላይ ነው፤ አማካይ ያወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል፣ ሮስተር ይሞላል። ተማሪው ይመጣል፣ ስም ይጠራል፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው የለውም። በማግስቱ ግማሹ ይቀራል። የመጣውም በረንዳ ላይ ሲጋፋ ይውላል፤ ቀኑ በጠብ ያልቃል። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ልጆች እንዲህ ሆነው ሲለያዩ በጣም ይቆጨኛል። በትምህርት ዓመቱ ውስጥ ውጤት የማይያዝባቸው ቀናት እነዚህ ብቻ ናቸው፤ ደካማ የሚባለው ልጅ «ብሳሳትስ?» ሳይል እጁን የሚያነሣባቸው ቀናት።

ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት ምክሮች አብዛኞቹ ሃያ ልጅና ፕሮጀክተር ላለው ክፍል የተጻፉ ናቸው። እኛ ዘንድ ያለው ሃምሳ ስድሳ ልጅ፣ ሦስት ሦስት ሆነው የሚቀመጡበት ዴስክ፣ ሰሌዳና ጠመኔ ነው። ሰኔ ደግሞ ክረምት መግቢያ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የመምህሩ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ አንድን ጨዋታ ከመምረጤ በፊት የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በአንድ ጊዜ ስንት እጅ ይሠራል? ወላጅ ብር ይጠየቃል ወይ? ዝናብ ቢመጣ መቀጠል ይቻላል ወይ? ከሦስቱ ትልቁ የመጀመሪያው ነው። አራት ልጅ ፊት ወጥቶ ሃምሳ ስድስቱ የሚያይበት ዝግጅት ምንም ቢያምር ለዚህ ጊዜ አይሆንም።

ስለ ብሩ አንድ ነገር ልበል። ለመዝጊያ ተብሎ መዋጮ ሲሰበሰብ፣ መክፈል ያልቻለው ልጅ «የለኝም» አይልም፤ በዚያ ቀን ይቀራል እንጂ። ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ሳይሰረዝ ተራው ሲደርስ ከሚያፍር ቤት መዋልን ይመርጣል። የሚቀመስ ነገር ይኑር ከተባለ ከአንድ ኪሎ ተኩል የፈንድሻ በቆሎ የሚወጣው ፈንድሻ ለስድሳ ልጅ አንዳንድ ብርጭቆ ሙሉ ያደርሳል። ይህን መምህራን ወይም ትምህርት ቤቱ ቢችሉት ይሻላል። በተጻፈበት የደብተር ወረቀት ግን አትጠቅልሉት፤ ቀለሙ ምግቡን ይነካል።

ዋናው ዕቃ ያለቀ ደብተር ነው። በዓመቱ መጨረሻ በየቤቱ አለ፣ በነፃ ይገኛል። አንድ ልጅ አንድ ደብተር ይዞ ይምጣ ብላችሁ በፈተናው ሳምንት ንገሩ። ለሚቀጥለው ዓመት ወይም ለታናሽ ወንድም የሚጠቅም ማስታወሻ እንዳይቀደድ ግን አስጠንቅቁ፤ የሚፈለገው የመለማመጃና የቤት ሥራ ደብተር ነው። ወረቀቱን ከመገንጠል ይልቅ መሀል ገጹ ላይ ያለውን የስቴፕል ሽቦ ከፍቶ ማውጣት ይሻላል፤ ያኔ ጠርዙ ያልተበላ ድርብ ወረቀት ይገኛል። ከደብተሩ ሌላ ሠፈር ውስጥ ካለ ግሮሰሪ ሦስት መቶ ያህል ቆርኪ ለምኑ። ታጥቦ፣ የተጣመመውና ጠርዙ የሾለው ተለይቶ ይጣል።

የወረቀት ድልድይ

ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው። ከሦስተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ይሠራል፤ የሚለያየው የሚሰጠው ማብራሪያ ብቻ ነው። በደረጃ የታወቁትን ልጆች በአንድ ቡድን አትሰብስቡ፤ በተቀመጡበት አምስት አምስት አድርጓቸው። ለአንድ ቡድን አራት የደብተር ወረቀት፣ አንድ ማስመሪያና ሃያ አምስት ቆርኪ ይበቃል። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት የመጽሐፍ ቁልሎች ዴስኩ ላይ ይቀመጡ፤ በመሀላቸው ያለው ክፍተት 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የደብተር ወረቀት ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይደገፋል። የዴስኩ ፊት ዘመም ያለ ከሆነ ወለል ላይ አሠሯቸው፤ አለዚያ ቁልሉ ይንሸራተታል።

መጀመሪያ አንድ ወረቀት ሳይታጠፍ ክፍተቱ ላይ ይዘርጉ። አንድ ሁለት ቆርኪ ሲጫንበት ጎብጦ ይወድቃል። አሁን ሥራው ይህ ነው፦ ያንኑ አንድ ወረቀት፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ ብዙ ቆርኪ እንዲሸከም ማድረግ። ከዚህ በኋላ አሥር ደቂቃ ዝም በሉ። መልሱን ቀድሞ መናገር የጨዋታውን ነፍስ ያወጣዋል። አንዱ ቡድን ይጠቀልላል፣ አንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርባል፣ አንዱ ጠርዙን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል። ሁሉም ከመጀመሪያው የተሻለ ይሸከማል፤ ቁጥሩን እየመጡ ሰሌዳው ላይ ይጻፉ።

ከዚያ እንደ ማራገቢያ እጥፍጥፍ ማድረግን አሳዩ። እያንዳንዱ እጥፋት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ይኑረው፤ በማስመሪያ ተለክቶ፣ በጥፍር ተጭኖ ይታጠፍ። እጥፋቱ ከአንዱ ቁልል ወደ ሌላው በርዝመት መሄድ አለበት። ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ በአግድም ያጥፉትና ወረቀቱ ተለጥጦ መሀሉ ይወርዳል፣ «አይሠራም» ብለው ይተዉታል። በትክክል የታጠፈው ሃያ አምስቱንም ቆርኪ ተሸክሞ የጎረቤት ቡድን ቆርኪ ያስለምናል። ቆርኪው ወደ እጥፋቱ ሸለቆ እየተንሸራተተ ካስቸገረ ከላይ አንድ ጠፍጣፋ ወረቀት ይነጠፍ።

ምክንያቱ ቁመት ነው። ዝርግ ወረቀት ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ነው፤ ሲታጠፍ ግን የአንድ ሳንቲ ሜትር ቁመት ያገኛል፣ መጉበጥን የሚቋቋመው ይህ ቁመት ነው። ጭነቱ ሲበዛ የሚወድቀው ወረቀቱ ተቀዶ አይደለም፤ እጥፋቶቹ ወደ ጎን ተከፍተው ተመልሶ ዝርግ ስለሚሆን ነው። መድኃኒቱ ከታችና ከላይ ጠፍጣፋ ወረቀት በሙጫ መለጠፍ ነው። ይህን ከሞከሩ በኋላ አንድ የተቀደደ ካርቶን ጠርዙን አሳዩአቸው። የሠሩት ነገር ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ሲያዩ የሚያወጡት ድምፅ ለመምህር ትልቅ ደመወዝ ነው።

ማታ ክፍል ውስጥ ያደረ ወረቀት በክረምት እርጥበት ይስባል፣ ይለሰልሳል። ስለዚህ ትናንት በተገኘ ቁጥርና ዛሬ በተገኘ ቁጥር አታወዳድሩ፤ የሚቀረውን ወረቀት በፌስታል አስሩት።

የምትሽከረከር ወረቀት

ለአንድ ልጅ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ያስፈልገዋል። ከአንድ የደብተር ገጽ ሁለት ይወጣል፤ ለስድሳ ልጅ ሠላሳ ገጽ። መቀስ አይበቃም፤ ችግር የለውም። መስመሩን አጥፎ በጥፍር ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን አድርጎ በማስመሪያ ላይ መቅደድ ይበቃል።

ከላይ ጀምሮ በመሀል ለመሀል 9 ሳንቲ ሜትር ይቀደድ፤ ሁለቱ ክንፎች እነዚህ ናቸው። ከክንፉ ሥር 1 ሳንቲ ሜትር ወረድ ብሎ ከቀኝና ከግራ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይቀደድ። ከዚያ በታች ያሉት ሁለት ጎኖች ወደ መሀል ይታጠፉ፤ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እግር ይወጣል። የእግሩ ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይታጠፍ። በመጨረሻ አንዱ ክንፍ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይታጠፍ። እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ መልቀቅ ነው። ወንበር ላይ መውጣት ይከልከል፤ ስድሳ ልጅ ወንበር ላይ ከወጣ የሚወድቀው ወረቀት ብቻ አይሆንም።

ካልተሽከረከረች ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ሁለቱም ክንፎች ወደ አንድ ወገን ታጥፈዋል፤ ወይም እግሩ ቀልሎ ወረቀቷ ትገለባበጣለች፣ ያኔ የእግሩን ጫፍ አንድ ጊዜ ጨምሮ ማጠፍ ነው። ከተሳካ በኋላ ጥያቄ ስጧቸው። የክንፎቹን እጥፋት ብንገለብጠው ሽክርክሩ ወዴት ይሆናል? የክንፏ ርዝመት ከ9 ወደ 6 ቢያጥር ቶሎ ትወርዳለች ወይስ ትዘገያለች? ሰዓት መያዝ አይሠራም፤ ጉዞዋ በጣም አጭር ነው። ሁለት ልጆች ከእኩል ቁመት እኩል ይልቀቁ፣ ሦስተኛው ተንበርክኮ ቀድማ የደረሰችውን ይይ። ባለ አጭር ክንፏ ቀድማ ትደርሳለች፤ አየሩን የሚገፋ ስፋት አንሷታል። ልጆቹ ግን ራሳቸው ካላዩት አያምኑም፣ ባያምኑም ደግ ነው።

ገበጣ

ለሰላሳ ጥንድ ሠላሳ ገበጣ ከየት ይመጣል? ከእንቁላል ካርቶን። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ካርቶን አምስት በስድስት ነው፤ ሁለት ሁለት ረድፍ ሲቆረጥ ሁለት ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ይወጣዋል፣ አንድ ረድፍ ይተርፋል። ለስድሳ ልጅ 15 ካርቶን በቂ ነው። ከሱቅና ከቁርስ ቤት መሰብሰብ የሚጀመረው በግንቦት ነው፤ ፀሐይ ላይ መዋል ስላለበት ሰኔ ላይ መጀመር ዘግይቶ መነሣት ነው። እንቁላል የፈሰሰበት ይጣል፤ ማጠብ አይቻልም፣ ካርቶኑ ይሟሟል። ከጨዋታው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ለአንድ ገበጣ 48 ፍሬ ያስፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት። ሽምብራ ይንከባለላል፣ ምስር ለእጅ ያንሳል፤ የሚሻለው ቦሎቄ ነው፣ አንድ ኪሎ ለክፍሉ ይበቃል። ጥሬ ቦሎቄ ሆድ ያውካልና እንዳይበሉት አስጠንቅቁ። ለአፀደ ሕፃናትና ለአንደኛ ክፍል ፍሬውን ጨርሶ አትስጡ፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቱታል። ለእነሱ ቆርኪ ይሻላል።

የገበጣ ሕግ እንደየአካባቢው ይለያያል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጡ አጨዋወቶችን መዝግቧል። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ዓይነት ሕግ የሚያውቁ ልጆች ይኖራሉ፤ ሳይስማሙ ከጀመሩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ጭቅጭቅ ይነሣል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀን አንድ ቀላል ሕግ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ተጫዋቹ በእሱ በኩል ካሉት ስድስት ጉድጓዶች ከአንዱ ሁሉንም ያነሣና ወደ ቀኙ አንድ አንድ እያደለ ይዞራል። የመጨረሻዋ ፍሬ ፍሬ ያለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈች እዚያ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ይቀጥላል፤ ባዶ ላይ ካረፈች ተራው ያበቃል። ያ ባዶ ጉድጓድ በራሱ በኩል ከሆነ ፊት ለፊቱ ያለውን የባላጋራውን ጉድጓድ ይበላል። አንዱ በተራው የሚያነሣው ሲያጣ ጨዋታው ያልቃል፤ የቀረው ፍሬ ላለበት ወገን ይቆጠራል። ከ24 በላይ የያዘ አሸናፊ ነው። አንዳንዴ ዙሩ አልቆም ስለሚል ከሦስት ሙሉ ዙር በላይ የሄደ እጅ ይቁም የሚል ሕግ ጨምሩ። ሌላው የጠብ ምንጭ ሁለት ፍሬ በአንድ ጊዜ መጣል ነው፤ ጮክ ብሎ እየቆጠሩ ማደል ያስቀረዋል።

ሒሳቡ የሚመጣው ልጁ ከማንሣቱ በፊት «የመጨረሻዋ የት ታርፋለች?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። አራት ፍሬ አራት ጉድጓድ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ያለበት ጉድጓድ ሲነሣ ሙሉ ዙር ዞሮ ራሱ ላይ ያርፋል፤ አሥራ ሦስት ከሆነ አንድ ያልፋል። ይህን የደረሰበት የአራተኛ ክፍል ልጅ ማካፈልና ቀሪ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። በሁለተኛው ቀን ደግሞ አያቱ ወይም አክስቱ የምትጫወትበትን ሕግ የሚያውቅ ልጅ ለዴስኩ ጓደኞች ያስተምር። በፈተና ከኋላ የቀሩት ልጆች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ መምህር ይሆናሉ።

እንቆቅልሽ፣ አገር ስጠኝ

ይህን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ማደራጀት ብቻ ነው የሚፈልገው። ፊተኛው ዴስክ ወደ ኋላው ይዙር፤ ሦስት ለሦስት። በሃያ ዴስክ አሥር ጨዋታ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል። ዝናብ ቢዘንብም ርቀቱ የአንድ ክንድ ስለሆነ ይሰማማሉ።

አስቀድሞ እያንዳንዱ ልጅ በዓመቱ ከተማረው ሁለት እንቆቅልሽ ጽፎ ይዘጋጅ። ይህ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ከባዱም ጣፋጩም ክፍል ይህ ነው። አሠራሩን ለማሳየት አንድ ሁለት ምሳሌ ስጡ። «ግልገል ሆኖ ሐይቅ ይገባል፣ አድጎ ይወጣል»፤ ዓባይ ነው፣ ግልገል ዓባይ ጣና ገብቶ ዓባይ ሆኖ ይወጣልና። «ሲወርድ ሲወርድ ባሕር ሳያይ የሚቀር»፤ አዋሽ። «ምግቡን ራሱ ያበስላል፣ ምድጃ ግን የለው»፤ ቅጠል። «ሲደምሩት የለም፣ ሲያባዙበት ሁሉን ያጠፋል»፤ ዜሮ።

መልሱን ያጣው ወገን እንደ ወጉ አገር ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ሕግ እንጨምራለን፦ አገሩን የተቀበለው ቡድን በዚያ ስፍራ ያለ አንድ ነገር መጥራት አለበት። ሐረር ከተባለ ጀጎል፣ ጎንደር ከተባለ የፋሲል ግንብ፣ አርባ ምንጭ ከተባለ አባያና ጫሞ። መጥራት ካልቻለ አገሩ ይመለስበታል። አንዴ የተሰጠ አገር ዳግም አይሰጥም ካልተባለ ሁሉም አዲስ አበባን ሲሰጣጥ ይውላል። ግድግዳው ላይ ካርታ ካለ ይቁም፤ ሄዶ ማየት ማጭበርበር አይደለም፣ እንዲያውም ካርታው ፊት የሚሰለፉት ዓመቱን ሙሉ ያላዩት ልጆች ናቸው።

ሁሉም የሚመልስበት ጥያቄና መልስ

የተለመደው ጥያቄና መልስ ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጎበዝ ፊት አስቀምጦ ሌላውን አጨብጫቢ ያደርጋል። ይህን ተዉት። ጥያቄውንና አራት አማራጭ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምልክት ሲሰጥ ከአንድ እስከ አራት ጣት ደረታቸው ላይ ያድርጉ። ዓይን የሚጨፈነው የጎበዙን እጅ አይቶ መገልበጥ ስለሚቀናቸው ነው። እናንተ ሁሉንም በአንድ እይታ ታያላችሁ። መልሱን ሳትናገሩ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ለአንድ ደቂቃ እንዲከራከሩ ፍቀዱና እንደገና ይምረጡ። መልሱ የሚነገረው ከሁለተኛው ምርጫ በኋላ ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከአሥር ጥያቄ በላይ አትያዙ፤ ክርክሩ ጊዜ ይወስዳል፣ መውሰዱም ተገቢ ነው።

ዝናቡ ምንም የማያሰማ ሲሆን ያለ ድምፅ የሚሠራ ድራማ ጥሩ ነው። የውኃ ዑደትን፣ የልብ ሥራን ወይም የዓድዋን ውሎ ስድስት ስድስት ሆነው ያለ ቃል በሁለት ደቂቃ ያሳዩ፣ ሌሎቹ ወረቀት ላይ ምን እንደሆነ ይጻፉ። መነካካት ክልክል ነው የሚለውን ሕግ አትርሱ፤ የጦርነቱ ትዕይንት የእውነት ይሆናል።

የመጽሐፍ ሐኪሞች

መጽሐፍ በውሰት በሚሰጥበት ትምህርት ቤት መመለሻው ከዚሁ ሳምንት ጋር ይገጥማል። የተቀደደ መጽሐፍ መጠገን ለልጆች ሥራ አይመስላቸውም፤ ሙጫ የሚነካበት ነገር ሁሉ ጨዋታ ነው። ሙጫውም ከቤት ይወጣል። አንድ የሻይ ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ጓጎል እስኪጠፋ ይበጥበጥ። አራት ብርጭቆ ውኃ ይፍላና ብጥብጡ እየተማሰለ ይጨመርበት፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲማሰል ነጭነቱን ትቶ ያንጸባርቃል። አንድ ማንኪያ ጨው ይግባበት። ደረቅ ዱቄት በቀጥታ የፈላ ውኃ ላይ ከተጣለ ይጓጉላል፣ ከዚያ ምንም አያድነውም። ሙጫው ወደ ክፍል የሚገባው ሲበርድ ነው። ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፤ ይሻግታል፣ ይሸታል።

የተቀደደ ገጽ የሚጠገነው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ባለው ስስ ንጹሕ ወረቀት ነው። ሙጫው በጣት በስሱ የሚቀባው ቁራጩ ላይ ነው፣ ገጹ ላይ አይደለም። ከተለጠፈ በኋላ ከገጹ ግራና ቀኝ ፌስታል ተደርጎ መጽሐፉ ይዘጋ፣ ከቁልል ሥር ይደር። ፌስታሉ ከተረሳ በማግስቱ ሦስት ገጽ አንድ ሆኖ ይገኛል። ፕላስተር መለጠፍ የሚቀል ይመስላል፤ ግን እያደር ይደርቅና ፊደሉን ይዞ ይነሣል። ለሽፋን ያረጀ የግድግዳ ካላንደር ተስማሚ ነው፤ ወፍራም ነው፣ ውኃም ቶሎ አያሳልፍም። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ «የጠገነው የ5ኛ ሀ ተማሪ» ብሎ መጻፍ ለልጆቹ ትልቅ ኩራት ነው።

የመሰናበቻ ወረቀት

ኦቶግራፍ ማስፈረም የቆየ ልማድ ነው። አሁን አሁን ሸሚዝ ላይ መፈረም በዝቷል። ሸሚዙ ግን ለታናሽ የሚተርፍ ነበር፤ እናት ከፍላ የገዛችው ነው። ወረቀት ይበቃል።

ሌላው የኦቶግራፍ ጉድለት አርባ ሰው የሚፈርምለት ልጅና ሦስት ሰው ብቻ የሚፈርምለት ልጅ መኖራቸው ነው። ይህ እንዳይሆን ወረቀቱ በተራ ይዙር። አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ልጆች አንድ ክብ ይሥሩ፤ በአምስት ክብ ክፍሉ ይዳረሳል። ሁሉም በወረቀቱ አናት ላይ ስሙን ጽፎ ወደ ግራው ያሳልፍ። ምልክት እስኪሰጥ አንድ ደቂቃ አለ፤ በዚያች ደቂቃ አንድ መስመር ይጻፍና እንደገና ይለፍ። ሲያበቃ እያንዳንዱ ወረቀት እኩል አሥራ አንድ መስመር ይኖረዋል።

«ጎበዝ ነህ» የሚል ብቻ እንዳይሞላ መጀመሪያውን ሰሌዳው ላይ ጻፉላቸው፦ «ከአንቺ የተማርኩት…»፣ «… ጊዜ ረድተኸኛል»፣ «… ስታደርጊ ደስ ይለኛል»። ጽሑፉ ሁሉ በስም ይፈረም፤ ስም የሌለው መስመር መጥፎ ቃል ይጠራል። ወረቀቱ ተሰብስቦ በመምህሩ ሳይነበብ ለባለቤቱ አይሰጥ። አንዲት ክፉ መስመር ካለች ያንን ልጅ ለብቻው ጠርቶ እንደገና ማጻፍ ይቻላል፤ ልጁ ካነበባት በኋላ ግን መመለሻ የለውም። ለመጻፍ እጃቸው ያልፈታ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከመስመር ይልቅ የእንቁጣጣሽ አበባ ሥለው ይሰጣጡ።

ይህና የጣት ጥያቄው የመምህሩን ሙሉ ዓይን ይፈልጋሉ። ድልድዩ፣ ገበጣውና እንቆቅልሹ ግን ከተጀመሩ በኋላ ሮስተር እየሞሉ ሊመለከቷቸው የሚቻሉ ናቸው፤ የጠረጴዛችሁን ቦታ ከክፍሉ ጀርባ አድርጉና የክፍል አለቃው ጥያቄ እየሰበሰበ ያምጣ። ሁሉም ካርድ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ይለቅ። በካርድ ቀን የወደቀ ልጅ አለ፤ በዚያ ቀን ውድድርም ሳቅም አይጫንበት።

ከካርድ ቀን አንድ ቀን ቀደም ብሎ የሚጻፍ አንድ ነገር ቀርቷል፦ በመስከረም ወደዚህ ክፍል ለሚገቡ ልጆች ደብዳቤ። የቱ ትምህርት እንደሚከብድ፣ ምን ቢያደርጉ እንደሚቀል፣ መምህሩ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚያስቆጣው በአንድ ገጽ ይጻፍ። ምርጦቹን መምረጥ አያስፈልግም፤ ስድሳውም ይቀመጡ፣ ለስድሳ አዲስ ልጅ ይደርሳሉና። በአንድ ፖስታ አሽጋችሁ የክፍሉን ስምና «መስከረም» የሚለውን ጻፉበት፣ ከሮስተሩ ጋር ለሪከርድ ክፍል አስረክቡ። በመምህራን ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ መምህሩ ሲዛወር ወይም ክፍል ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።